ባለ152 ሚሊ ሜትሩን ኤምኤል-20 መድፍ በ1፡35 መጠን መሥራትና ማስረጀት፦ ዝርዝር መመሪያ

የመድፍ ሞዴል ለመሥራት የተነሣ ሰው የማጣበቂያውን ክዳን ከመክፈቱ በፊት ሊወስነው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም መድፉ የት እንዳለ፣ ወቅቱ ምን እንደሆነና በዚያች ሰዓት ምን በመሥራት ላይ እንደሆነ ነው። በትራክተር እየተጎተተ ያለ መድፍና ቦታ ይዞ እየተኮሰ ያለ መድፍ በእግራቸው አቀማመጥ፣ በቱቧቸው ቦታ፣ አቧራው በሚያርፍባቸው ክፍሎችና በቅባታቸው እድፍ ሁሉ ይለያያሉ። ይህን ሳይወስን ክፍሎቹን ያጣበቀ ሰው መጨረሻ ላይ እግሮቹ ለተኩስ የተዘረጉ፣ ቱቦው ግን ለጉዞ ወደኋላ የተሳበ መድፍ ይዞ ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ደግሞ የትኛውም ቀለም አይሸፍነውም።

ለዚህ መመሪያ ምሳሌ ያደረግሁት የሶቪየት ኅብረቱን ኤምኤል-20 ነው። በፊዮዶር ፔትሮቭ የተመራው የንድፍ ቡድን በፐርም ከተማ በሞቶቪሊሃ ፋብሪካ ያዘጋጀው ይህ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1937 በቀይ ጦር ተቀባይነት ያገኘ ሲሆን፣ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከ6,800 በላይ ተመርቷል። ለተኩስ ሲዘጋጅ ክብደቱ 7,270 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ 43.5 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ጥይት ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረውራል። ትራምፔተር የተባለው ኩባንያ ይህን መድፍ በ1፡35 መጠን በፕላስቲክ ኪት (በሚገጣጠሙ ክፍሎች ስብስብ) አውጥቶታል። እኔ የመረጥሁት ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1944 የበጋ ወራት የባግራሽን ዘመቻ ጀርመኖችን ከቤላሩስ ካስወጣ በኋላ፣ የሶቪየት ጦር ወደ ምሥራቅ ፕሩሲያ ድንበር በደረሰበት ጊዜ ያለውን ነው። ቁጥሩ 3922 የሆነ ኤምኤል-20 በኦገስት 2 ቀን 1944 በጀርመን ምድር ላይ እንደተኮሰ የሚታወቅ ሲሆን፣ መድፉ ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፍ ሙዚየም ይገኛል።

የሙዚየም መድፍ ለቅርጽ ታማኝ ምስክር ነው። የብሎኖቹን ብዛት፣ የመዝጊያውን አሠራር፣ የእግሮቹን መጋጠሚያ ከእርሱ መማር ይቻላል። ለቀለም ግን አይታመንም፤ በሙዚየም ግቢ የቆመ መድፍ በየጊዜው አዲስ ቀለም የሚቀባ፣ ጎማው ሳይቀር የሚወለወል ነውና። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ፎቶግራፍ ለየብቻ ያሰባስቡ፤ አንደኛው ለቅርጽ የሚሆን የሙዚየም ፎቶግራፍ፣ ሁለተኛው ጭቃው፣ አቧራውና የምድብተኞቹ (መድፉን የሚያንቀሳቅሱት ወታደሮች) አሠራር የሚታይበት የጦርነቱ ዘመን ፎቶግራፍ ነው።

ስለ ማስረጀት ያለኝን አመለካከት የቀየሩልኝ በመድፈኛነት ያገለገሉ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። የመጀመሪያውን መድፌን ከአፈሙዙ እስከ እግሩ በዝገት ሸፍኜ ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ ምድብተኞቹ የት እንደሄዱ ጠየቁኝ። ምድብተኛ ያለው መድፍ በየዕለቱ እንደሚጠረግ፣ እንደሚቀባና ዝገት እንዲይዘው እንደማይፈቀድለት፣ መድፍ የሚያረጀው ግን ሰው በሚይዘው፣ በሚረግጠውና መሬት በሚነካው ቦታ መሆኑን አስረዱኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክንያቱን መናገር የማልችለውን እድፍ በሞዴል ላይ አላኖርም፤ ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ስለ መጠኑና ስለ መሣሪያዎቹ

በ1፡35 መጠን 1 ሚሊ ሜትር በእውነተኛው መድፍ ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ስሌት በወረቀት ጽፈው በጠረጴዛዎ ላይ ይለጥፉት፤ በሥራው ሁሉ ይጠቅምዎታልና። የአፈሙዙ ቀዳዳ 4.35 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቀለም መላጥ ደግሞ በእውነተኛው መድፍ ላይ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ቁስል ነው ማለት ነው።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ስለታም ምላጭ፣ ጎን ቆራጭ ፒንሳ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ፣ ትናንሽ ሞረዶች፣ ከ400 እስከ 1000 ቁጥር ያለው የብርጭቆ ወረቀት፣ ከ0.5 ሚሊ ሜትር የሚጀምሩ የእጅ መብሻዎች፣ ለፕላስቲክ የሚሆን ቀጭን ማጣበቂያና ለብረት ክፍሎች ሱፐር ግሉ በቂ ናቸው። ኤርብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) ቢኖር ሥራውን ያቀላል፤ ባይኖርም ጥሩ ስፕሬይና ለስላሳ ብሩሽ ያለው ሰው ወደኋላ አይቀርም። በኬሚካል ረገድ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚገኘው ጠንካራ ቲነርና ለጥፍር ቀለም የሚውለው አሴቶን የሞዴሉን ፕላስቲክ ያቀልጡታል። ላምባ ፕላስቲኩን ባያቀልጠውም ቅባቱ ስለማይለቅ በላዩ የሚመጣው ቀለም አይይዝም። ለዘይት ቀለም ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበትን ሽታው የቀነሰ ማቅጠኛ ይፈልጉ። የትኛውንም አዲስ ፈሳሽ ወይም ስፕሬይ አስቀድመው በኪቱ ትርፍ ፍሬም ላይ ይሞክሩት፤ መስኮት ከፍተው፣ የፊት መከላከያ አድርገው፣ ልጆች በሌሉበት ይሥሩ።

ቱቦው

የተመልካች ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በመድፉ ቱቦ ላይ ስለሆነ ከማንኛውም ክፍል ይበልጥ ጊዜ ልንሰጠው ይገባል። ቱቦው በግራና በቀኝ ግማሽ ተከፍሎ ከመጣ፣ በሁለቱም ግማሾች ጠርዝ ላይ ማጣበቂያ ቀብተው ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፤ ከዚያም የቀለጠው ፕላስቲክ በመጋጠሚያው ላይ እንደ ቀጭን ክር ብቅ እስኪል ድረስ አጥብቀው ያጋጥሟቸው። ይህ ክር ክፍተቱን ስለሚሞላው ስቱኮ አያስፈልግም። በላስቲክ አስረው አንድ ሙሉ ቀን ያቆዩት። ችኩል ሰው በዚያው ዕለት ይፍቀዋል፤ ፕላስቲኩ ገና ለስላሳ ስለሆነም ከሳምንት በኋላ በመጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ መሰል ጎድጓዳ ይወጣበታል።

ከደረቀ በኋላ ምላጩን ወደ መጋጠሚያው ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ሳይቆርጡ በመፋቅ ብቻ ትርፉን ያንሡ። ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀቱን በውኃ አርሰው፣ ጫማ ጠራጊ ጨርቁን በጫማ ላይ እንደሚያመላልሰው በቱቦው ዙሪያ ጠምዝዘው ያመላልሱት። ወረቀቱን በቱቦው ርዝመት ብቻ ከሄዱበት መጋጠሚያው ላይ ጠፍጣፋ ገጽ ይፈጠራል፤ ክብነቱ የጠፋ ቱቦ ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ወዲያው ይታወቃል። ሥራው መጠናቀቁን ለማረጋገጥ በመጋጠሚያው ላይ ብቻ ቀጭን ብርማ ቀለም ይቀቡ፤ ብርማ ቀለም በዓይን የማይታየውን ጭረት ሁሉ ያወጣዋል። ተቀርጾ የተዘጋጀ የአሉሚኒየም ቱቦ መግዛት ለሚችል ሰው ይህ ሁሉ ድካም ይቀርለታል፤ እኔ ግን ለጀማሪ የፕላስቲኩን እመክራለሁ፤ ክብ ነገር ማለስለስን ያልተማረ እጅ በጎማውም በሲሊንደሩም መቸገሩ አይቀርምና።

የኤምኤል-20 ልዩ ምልክት በአፈሙዙ ላይ ያለው ብዙ ስንጥቅ ያለው የርግጫ መቀነሻ ነው። ባሩዱ የሚፈጥረው ጋዝ በእነዚህ ስንጥቆች ወደ ጎንና ወደኋላ ሲወጣ የመድፉን ርግጫ፣ ማለትም ሲተኮስ ወደኋላ የሚገፋውን ኃይል፣ ይቀንሳል። በኪቱ ላይ ስንጥቆቹ አንዳንዴ በከፊል የተደፈኑ ሆነው ስለሚመጡ፣ በ0.5 ሚሊ ሜትር መብሻ ከሁለቱም ጫፍ በስተው መካከሉን በምላጭ ጫፍ ያገናኙት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን በአንድ በኩል ሲታይ ጨለማ፣ በብርሃን ፊት ሲዞር ውስጥ ለውስጥ የሚያሳይ የርግጫ መቀነሻ ለሞዴሉ የሚሰጠውን ሕይወት ሌላ ነገር አይተካውም።

አሁን መጀመሪያ የወሰኑት ውሳኔ ሥራ ላይ ይውላል። ይህ መድፍ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ቱቦው ከርግጫ መሣሪያዎቹ ተለይቶ ወደኋላ ይሳባል፣ እግሮቹም ተገጥመው በፊት ሠረገላ ላይ ይቀመጣሉ። ለተኩስ ሲሆን ቱቦው በቦታው፣ እግሮቹ ተዘርግተው፣ የእግር መትከያዎቹ መሬት ውስጥ ገብተው ይሆናል። ቱቦው እስከ 65 ዲግሪ ድረስ ቀና ሊል ስለሚችል፣ ሩቅ ዒላማ የሚመታ መድፍ ለማሳየት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው አቋም ያምራል። ቱቦው ቀና ሲል ከግራና ከቀኙ ቀጥ ብለው የሚታዩት የማመጣጠኛ ሲሊንደሮችና የማንሻው ቅስት ጥርስ ከእርሱ ጋር መስማማት ስላለባቸው፣ ከማጣበቅዎ በፊት ሁሉንም በወረቀት ፕላስተር ይዘው ይሞክሩት።

ሠረገላው፣ ጋሻውና ጎማዎቹ

ኤምኤል-20 እና ባለ122 ሚሊ ሜትሩ ኤ-19 የሚጋሩት ሠረገላ ሁለት እግር ያለው፣ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ጠንካራ ግንባታ ነው። ክፍሎቹን ሲገጣጥሙ ጠፍጣፋ መስታወት ይጠቀሙ፤ ሁለቱ ጎማዎችና የሁለቱ እግሮች ጫፍ፣ አራቱም እኩል መስታወቱን መንካት አለባቸው። አንዱ እግር በግማሽ ሚሊ ሜትር ተንሳፍፎ የቀረ ሞዴል ሰባት ቶን የሚመዝን ነገር አይመስልም።

ጋሻውን በተመለከተ ብዙዎች የማያስተውሉት ጉድለት ውፍረቱ ነው። የፕላስቲኩ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ በእውነተኛው መጠን 3.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ማለት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ወፍራም ጋሻ ደግሞ የሚጎተት መድፍ አይሸከምም። ጋሻውን በሙሉ መተካት አያስፈልግም። የሚታየው ጠርዙ ብቻ ስለሆነ ከኋላ በኩል በ3 ሚሊ ሜትር ስፋት ጠርዙን በሞረድ እያዘነበሉ ያሳሱት። ከፊት ሲታይ ቀጭን ብረት ይመስላል። በዚሁ አኳኋን በቅርጽ የመጡትን ደብዳባ እጀታዎች በምላጭ አንሥተው ከኤሌክትሪክ ገመድ በወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይተኳቸው፤ የቆዳ ማሰሪያዎችን ደግሞ ደጋግሞ ከታጠፈ የአሉሚኒየም ፎይል ቆርጦ መሥራት ይቻላል።

ጎማዎቹ በአየር የሚነፉ አይደሉም፤ በብረት ቸርኬ ላይ የተሠሩ ጠጣር ጎማዎች ናቸው። ስለዚህ ክብደት የተጫነው የመኪና ጎማ ከታች እንደሚለጠጠው አድርጎ ማሳየት በዚህ መድፍ ላይ ስሕተት ነው። ጎማዎቹን፣ ጋሻውንና ቱቦውን እስከ ቀለም ማብቂያ ድረስ ሳያጣብቁ በየብቻቸው ያቆዩአቸው።

ቀለም

ሞዴሉን በለስላሳ ብሩሽና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ባለበት ለብ ያለ ውኃ አጥበው ያድርቁት፤ የጣት ቅባት ቀለም አያስይዝምና። ቀጥሎ ስስ ግራጫ የመሠረት ቀለም ይርጩ። ይህ ቀለም ፕላስቲኩን፣ መዳቡንና ፎይሉን አንድ መልክ ከማስያዙም በላይ ያመለጡ ጭረቶችን ሁሉ ያጋልጣል፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንድ ምሽት ለእርማት ይተዉ።

የቀይ ጦር መሣሪያዎች መደበኛ ቀለም 4ቢኦ ተብሎ የሚታወቀው አረንጓዴ ነበር። ስለ ትክክለኛው ጥላ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። በእኔ እምነት በፋብሪካ የተቀባው፣ በግንባር የተቀባውና ሁለት በጋ ፀሐይ የበላው አንድ ዓይነት ሊሆኑ ስለማይችሉ፣ ወደ ወይራ ቅጠል የሚያደላ፣ ጥቂት ቢጫነት ያለው አረንጓዴ ይበቃል። ወሳኙ ነገር ማንጣቱ ነው። ትንሽ ነገር ከትልቅ ነገር ይልቅ ጨለማ ሆኖ ስለሚታይ፣ ከእውነተኛው መድፍ የተገለበጠው ቀለም በ1፡35 ላይ ጥቁር መስሎ ይቀራል። ለአሥር ጠብታ አረንጓዴ አንድ ጠብታ ቡናማ ነጭ ወይም የአሸዋ ቀለም ይጨምሩ። ነጭን ብቻውን አይጨምሩ፤ አረንጓዴውን ወደ ኖራማነት ይወስደዋልና።

ኤርብራሽ ያለው ሰው ግፊቱን ከ1 እስከ 1.2 ባር አድርጎ፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሆኖ፣ አንዱ ሽፋን እየደረቀ ሦስት ወይም አራት ስስ ሽፋን ይርጭ። በመጨረሻው ሽፋን ቀለሙን ይበልጥ አንጥቶ ሰማይ የሚያያቸውን ገጾች፣ ማለትም የቱቦውን ጀርባ፣ የእግሮቹን የላይኛ ገጽና የጋሻውን የላይኛ ክፍል ብቻ ይንካ። በብሩሽ የሚቀባ ሰው ቀለሙን እንደ ወተት እስኪቀጥን አቅጥኖ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየጎተተ፣ እንዲሁ ደጋግሞ ይቀባው። ጎማውን ጥቁር አያድርጉት፤ ጎማ በአቧራ ውስጥ ጥቁር ግራጫ ነው። ሁሉም ሲደርቅ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይርጩበትና ለአንድ ቀን ይተዉት፤ ቀጣዩ ፈሳሽ በአንጸባራቂ ገጽ ላይ በቀላሉ ስለሚፈስስ ነው።

ማስረጀት

የመጀመሪያው እርምጃ ቅርጹን ማውጣት ነው። ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በማቅጠኛ ፈሳሽ እንደ ሻይ እስኪቀጥን ያሟሙትና በቀጭን ብሩሽ ጫፍ በብሎኖቹ ሥር፣ በብየዳው መስመርና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ብቻ ጠብ ያድርጉት። ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ተስቦ ይሄዳል። ሞዴሉን በሙሉ በዚህ ፈሳሽ ማልበስ የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ያን ያህል የደከሙበትን አረንጓዴ ያጠቁረዋል፣ ለእድፉም ምክንያት የለውም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የፈሰሰውን ትርፍ በማቅጠኛ በተነከረ ንጹሕ ብሩሽ ይጥረጉት።

ሁለተኛው እርምጃ ፀሐይና ዝናብ ያደረሱትን መደብዘዝ ማሳየት ነው። ቢጫማ ነጭ፣ ቀላል አረንጓዴ፣ ቡናማና ጥቂት ሰማያዊ የዘይት ቀለም በካርቶን ላይ አፍስሰው ለጥቂት ሰዓት ያቆዩት፤ ካርቶኑ ዘይቱን ይመጥጠዋል፣ ቀለሙም ሳያንጸባርቅ ይደርቃል። ከዚያም በአንድ ገጽ ላይ የስፌት መርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጠብጣቦች ተራርቀው ያሳርፉና፣ በማቅጠኛ ርሶ በጨርቅ የተጨመቀ ጠፍጣፋ ብሩሽ ወስደው ዝናብ በሚወርድበት አቅጣጫ ወደ ታች ይጎትቷቸው። በጋሻው ላይ አቅጣጫው ቀጥታ ወደ ታች ነው። በቱቦው ላይ ግን ክቡን ተከትሎ ከጀርባ ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ቱቦው ቀና ብሎ ከተሠራ ደግሞ ውኃው ወደ ማጉረሻው አቅጣጫ ማዘንበሉን አይርሱ።

ሦስተኛው የቀለም መላጥ ነው፤ ብዙ ሞዴል የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ከመጀመርዎ በፊት በምድብተኞቹ እግር ይራመዱ። አጉራሹ ጥይቱን ተሸክሞ በሁለቱ እግሮች መካከል ይመጣል፤ ስለዚህ የእግሮቹ ውስጠኛ ጠርዝና ላይኛው ገጽ በቦት ጫማ ይቦረቦራል። ዒላማ አስተካካዩ በግራ በኩል ተቀምጦ የማዞሪያ እጀታዎቹን ቀኑን ሙሉ ይይዛል፤ ስለዚህ የእጀታዎቹ ቀለም አልቆ ብረቱ ይታያል። መዝጊያው በእያንዳንዱ ተኩስ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እግሮቹን የሚያነሡባቸው እጀታዎች አካባቢ ይላጣል። በአንጻሩ የጋሻው መካከል፣ የማመጣጠኛ ሲሊንደሮቹ ጫፍና የቱቦው ወገብ እጅ ስለማይደርስባቸው ንጹሕ ይቆያሉ። ትንሽ ስፖንጅ ቆርሰው በጥቁር ቡናማ ቀለም ነክረው፣ በወረቀት ላይ እስኪደርቅ ደጋግመው ከነኩ በኋላ በእነዚህ ቦታዎች ብቻ በስሱ ያሳርፉት። በስፖንጅ የማይደረስበትን በብሩሽ ጫፍ ይጨምሩ፤ ነገር ግን ነጥቡ ከ0.3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ። በእውነተኛው መድፍ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያህል መላጥ ማለት ይኸው ነውና።

ስለ ዝገት። በአገልግሎት ላይ ባለ መድፍ ላይ ዝገት የሚታየው ቀለሙ በቅርቡ በተላጠባቸውና ውኃ በሚያቁርባቸው ጥቂት ቦታዎች፣ በሰንሰለቶችና በመሥሪያ ዕቃዎች ላይ ነው። አዲስ ዝገት ወደ ብርቱካን ያደላል፤ የቆየው ጥቁር ቡናማ ነው። ሁለቱን በአንድ ቦታ ሲያኖሩ የቆየውን በመካከል፣ አዲሱን በጠርዝ ያድርጉት። ብረት ያልሆነ መድፍ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አሠርተው ወደ መቅደላ ያስጎተቱትን ሴባስቶፖልን በትንሽ መጠን ለመሥራት የሚያስብ አንባቢ፣ ያ መድፍ የነሐስ መሆኑን ያስታውስ። ነሐስ ወደ ቡናማነትና ወደ አረንጓዴነት ይለወጣል እንጂ ቀይ ዝገት አያወጣም፤ በጋፋት አዲስ ሆኖ በሠረገላ ሲጫን የሚያሳይ ሞዴልም በተራራው ላይ ዘመናት እንዳሳለፈው መድፍ አረንጓዴ ሊሆን አይገባም።

አሁን የማያንጸባርቅ (ማት) ቫርኒሽ በስሱ ይርጩና ወደ አቧራው ይለፉ። የደረቀ የቀለም ዱቄት ከሞዴል መደብር መግዛት ይቻላል፤ የተፈጨ ከሰል፣ የተፈጨ ሸክላና የተነፋ አፈርም ያገለግላሉ። አፈሩን በምድጃ አሙቀው ካደረቁ በኋላ በናይለን ካልሲ ይንፉት፤ ተራ ወንፊት ለዚህ መጠን ሸካራ ነው። ከጓሮ የተዛቀ ቀይ አፈር ወይም ጥቁር የዋልካ አፈር ግን ለዚህ መድፍ አይሆንም። የተመረጠው ቦታ ግራጫና ፈዛዛ ቢጫ የሚያደላበት አሸዋማ አፈር ያለው የባልቲክ አካባቢ ሜዳ ነውና ዱቄቱን በዚያው መልክ ያዋህዱት። በደረቅ ብሩሽ በቸርኬው ጎድጓዳ፣ በእግሮቹ ላይ ባሉት ማዕዘኖችና በሠረገላው ዝርግ ገጽ ላይ ያኑሩት፤ ከዚያም በብሩሽ ጫፍ የማቅጠኛ ጠብታ በማስነካት ያሲዙት። በደረቀ ጊዜ ከጠበቁት በላይ ነጭ ሆኖ ቢታይ በረጠበ የጥጥ እንጨት ያንሡት።

የእግር መትከያዎቹ የተለየ ትኩረት ይሻሉ። መድፉ በተኮሰ ቁጥር የርግጫውን ኃይል ተቀብለው ወደ መሬት የሚያስተላልፉ እነርሱ ስለሆኑ፣ የታችኛው ክፍላቸው ቀለም የለውም፤ አፈር ሞርዶት የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። የመጻፊያ እርሳስ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈጭተው ዱቄቱን በጣትዎ ይሹበት፤ ከየትኛውም ብርማ ቀለም ይልቅ እውነተኛ ብረት ይመስላል። በማንሻው ቅስት ጥርስ፣ በማዞሪያ እጀታዎቹና በመዝጊያው ጠርዝ ላይም ይኸንኑ ያድርጉ። ከመትከያው በላይ ያለው ክፍል እርጥብ አፈር ይይዛል፤ የአፈሩን ዱቄት ከጥቂት ማት ቫርኒሽ ጋር እንደ ገንፎ አላቁጠው በአሮጌ ብሩሽ ይለጥፉት።

የባሩድ ጥላሸት በርግጫ መቀነሻው ስንጥቆች ዙሪያ ይታያል። የከሰል ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ከስንጥቆቹ ጀምረው ጋዙ በሚወጣበት አቅጣጫ ወደኋላ እያሳሱ ያኑሩት፤ ጥላሸቱ ግን ከርግጫ መቀነሻው አልፎ የቱቦውን እኩሌታ እንዳይሸፍን ይጠንቀቁ።

ቅባቱ የመጨረሻው ነው፣ ማት ቫርኒሽ እንዳያደበዝዘው። ቱቦው ወደኋላ ሲንሸራተት የሚጋለጡት ገጾች፣ የመዝጊያው ጥምዝ፣ የጎማዎቹ እምብርትና የእግሮቹ ማጠፊያ በቅባት የሚኖሩ ናቸው። ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለምን ከአንጸባራቂ ቫርኒሽ ጋር ቀላቅለው በጣም በጥቂቱ ያስነኩ። ከጎማው እምብርት የወጣ ቅባት በቸርኬው ላይ ወደ ዳር በጨረር መልክ ይሰራጫል፤ አቧራም ስለሚይዘው ጠርዙ ማት፣ መካከሉ የሚያበራ ይሆናል። ይህ ትንሽ ዝርዝር መድፉ በትናንትናው ዕለት ሲጎተት እንደነበር ይናገራል።

መሬቱና የመጨረሻው ክፍል

መሬቱን በቀላል ሰሌዳ ላይ በጄሶ ወይም በወረቀት ሊጥ መሥራት ይቻላል። ገና እርጥብ ሳለ የእግር መትከያዎቹን ቦታ በሞዴሉ በራሱ ይጫኑት፤ ከመትከያዎቹ ኋላ አፈሩ በርግጫው ተገፍቶ ጉብ ያለ ይሁን። ሣሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ኤምኤል-20 ጥይቱና ባሩዱ ለየብቻ የሚጎርሱ፣ ባሩዱም በቀለህ ውስጥ የሚሆን ስለሆነ፣ ከተኩስ በኋላ ባዶ የናስ ቀለህ ይተርፋል። ጥቂቶቹን አፋቸውን በከሰል አጥቁረው ከእግሮቹ ጎን በሥርዓት ይደርድሯቸው፤ ምድብተኞቹ በሚመላለሱበት በእግሮቹ መካከል ግን አንድም አይተዉ።

የዒላማ መነጽሩን እስከዚህ ድረስ በሣጥን ያቆዩት። በመነጽሩ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ደርቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ማጣበቂያ ያኑሩ፤ ሲደርቅ እንደ መስታወት ያበራል። ከዚያም በግራ በኩል ባለው ቦታው በጥንቃቄ ይትከሉት፤ በእውነተኛውም መድፍ ላይ መነጽሩ የሚተከለው ቦታ ተይዞ ተኩስ ሊጀመር ሲል ነው። ሞዴልዎ በጉዞ ላይ ያለ መድፍ ከሆነ ግን መነጽሩን አይትከሉት፤ ቦታው ባዶ ይሁን፣ ማጉረሻውና አፈሙዙም በሸራ ይሸፈኑ።